የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ከመጽሐፈ ዕዝራ ከሦስተኛው ምዕራፍ አንድ ታሪክ እናነሣለን። ናቡከደነፆር የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ አቃጥሎ ሕዝቡን ወደ ባቢሎን ካፈለሰ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል አለፈ። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ምርኮኞቹን በለቀቀ ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሱት ሰዎች የፈረሰውን ቤት እንደ ገና ለማነጽ መሠረት ጣሉ። ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው መለከት ይዘው ቆሙ፤ ሌዋውያኑም ጸናጽል አንሥተው ዘመሩ፤ ከሕዝቡም ብዙዎቹ በደስታ እልል አሉ። በመካከላቸው ግን የፊተኛውን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዕድሜያቸውን እስቲ አስቡት፤ ቤቱ ሲቃጠል የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው በዚያ ቀን ሰባ ዓመት አልፎታል። እነዚህ ሽማግሌዎች አዲሱን መሠረት ባዩ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። የልቅሶው ድምፅና የእልልታው ድምፅ ከመቀላቀሉ የተነሣ፤ ከሩቅ የሚሰማ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት እንዳልቻለ መጽሐፉ ይነግረናል።

ይህን ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት፤ ያ የተቀላቀለ ድምፅ በእኛም ዘመን በየከተማው ስለሚሰማ ነው። አሮጌ ቤት ይፈርሳል፤ አዲስ ይሠራል፤ አንዱ እልል ሲል ሌላው ያለቅሳል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ፤ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆቻችን ሳይቀሩ የቀድሞውን ፎቶግራፍ እየተላላኩ ሲያዝኑ አይተናል። እኛም በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ስናገለግል ይህንኑ ኀዘን በየቀኑ እንሰማለን።

አዳማ፤ ብዙዎቹ አረጋውያን እስከ ዛሬ ናዝሬት የሚሏት፤ ከአዳሚ፤ በአማርኛ ቁልቋል ከምንለው ተክል፤ ስሟን እንዳገኘች ይነገራል። ከተማ ሆና ያደገችው ግን በምድር ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውም ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰክተው አደጉ። አረጋውያኑ ያንን ዘመን ሲያነሡ ፊታቸው ይበራል። ባቡሩ ሲጮኽ ሰዓት ይታወቅ እንደ ነበር፤ እናቶች ለመንገደኛው እንቁላልና ዳቦ ይዘው ወደ ጣቢያው ይሮጡ እንደ ነበር፤ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ከፉርጎው አጠገብ ቆሞ ይውል እንደ ነበር ይነግሩናል። ያ ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን ጉዞ ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የቀድሞው አዲስ አበባ በገባ ልክ በመቶ ዓመቱ ማለት ነው። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ግን ከከተማው መካከል ወጣ ብሎ የተሠራ ስለ ሆነ፤ እናቶቻችን እንቁላል ይዘው ሮጠው የሚደርሱበት አይደለም። በአሮጌው ሐዲድ አጠገብ ቆሞ የሚተክዝ ሽማግሌ ብናይ ልንስቅበት አይገባም። የሚተክዘው ለብረቱ አይደለምና፤ በዚያ ጣቢያ ተቀብሎት ዛሬ በሕይወት ስለሌለው ወንድሙ ነው።

እንግዲህ አሮጌ ቤት መውደድ ኃጢአት ነውን? አይደለም። ነቢዩ ዳዊት በመቶ አንደኛው መዝሙር ስለ ጽዮን ድንጋይና ስለ ትቢያዋ የሚራሩትን የእግዚአብሔር አገልጋዮች ያነሣል፤ ፍቅራቸውንም አልነቀፈም። በዕዝራ ዘመንም ያለቀሱትን ሽማግሌዎች ዝም በሉ ያላቸው አልነበረም። ሆኖም ጠቢቡ በመጽሐፈ መክብብ፤ የቀደሙት ቀኖች ከእነዚህ ይልቅ ስለ ምን ተሻሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከጥበብ የተነሣ እንዳልጠየቀ ይገሥጸናል። ፍቅሩ ከተፈቀደ ጥያቄው ስለ ምን ተነቀፈ? ይህን ለማስተዋል ወደ ኦሪት ዘኍልቍ እንመለስ።

እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ግብፅን አስታወሱ። ያስታወሱትም በግብፅ በነፃ ይበሉት ስለ ነበረው ዓሣ፣ ስለ ዱባውና ስለ ኪያሩ፣ ስለ ቀዩና ስለ ነጩ ሽንኩርት ነበር። ሽንኩርቱ አፋቸው ላይ መጣ፤ ጡቡ ግን ከልባቸው ወጣ። ሲገርፏቸው የነበሩትን አስገባሪዎች፤ ወደ ወንዝ የተጣሉትንም ሕፃናት አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡም። እኛ በመቂና በባቱ አጠገብ የምንኖር ሰዎች የሽንኩርትን ጣዕም ስለምናውቅ ልንፈርድባቸው አንችልም፤ ነገር ግን ትዝታ እንዴት አድርጎ መርጦ እንደሚይዝ ከእነርሱ እንማራለን።

የእኛስ የቀድሞ ዘመን እንዴት ነበር? ያ ባቡር በጮኸበት ዘመን በዚህ ሸለቆ ንዳድ ሰውን እንደ ቅጠል ያረግፍ ነበር። በአዋሽ ዳር ለሥራ የወረደ ደገኛ በክረምት ማብቂያ ሳይመለስ ይቀር ነበር። አራሹ ያመረተውን ሲሶውን፤ አንዳንድ ቦታም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ እየሰጠ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በጭሰኝነት ኖረ፤ ከባለ መሬቶቹም መካከል ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ነበረች መሸሸግ አይገባንም። በ1966 ዓ.ም. በወሎ ያለቀውን ሕዝብ የምናስታውስ ሰዎች ገና በሕይወት አለን። ስለዚህ ያ ዘመን ደግ ነበር ስንል፤ ለማን ደግ እንደ ነበር ደግሞ መጠየቅ ይገባናል። ይህን የምንለው ትዝታችሁን ለመንጠቅ አይደለም፤ ሽንኩርቱን ስናነሣ ጡቡንም እንድናነሣ ነው እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ዝዋይ ሐይቅ እንሻገር። ከባቱ ከተማ ፊት ለፊት በተዘረጋው በዚህ ሐይቅ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁም ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ጽዮን ነው። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው በዚህ ደሴት እንዳስቀመጧት ትውፊታችን ይናገራል። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ከሌላው የክርስቲያን አገር ተለያይተው ለብዙ መቶ ዓመታት በውሃ ተከበው ሲኖሩ፤ በግዕዝ የተጻፉትን የብራና መጻሕፍት ጠብቀው አቆዩ።

አሁን በዚያ ደሴት ላይ የሚታየው ሕንፃ ከአክሱም የሸሹት ካህናት የሠሩት አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። የእንጨትና የጭቃ ቤት ሣር ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ ካልታደሰ ይበሰብሳል፤ ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል፤ ክረምት ሁለት ሦስት ጊዜ ከገባበትም ይወድቃል። ታዲያ ያ ቤት እንዴት ከእኛ ደረሰ? በእያንዳንዱ ትውልድ አንድ ሰው ሣር እያጨደ፤ አንድ ሰው ማገር እየማገረ፤ አንድ ሰው ጭቃ እያቦካ ነው። አባቶቻችን ቤቱን ያቆዩልን ሳይነኩት በመተው አልነበረም። ዘወትር እየነኩት፤ የደከመውን እንጨት እያወጡ ብርቱውን እያስገቡ ነበር። እኛ ዛሬ ጥንታዊ ብለን የምንሳለመው ብዙ ደብር እንደዚህ ባሉ ስማቸው ባልተጻፈ እጆች የቆመ ነው።

ይህን በቃል ስናስተምር ብዙ ዓመት ሆነን፤ ትርጉሙ የገባን ግን በቅርብ ጊዜ ነው። እንዴት እንደ ሆነ ልንናገር እንወዳለን፤ የሚያስመሰግነን ነገር ባይሆንም።

ከእነዚህ ከተሞች በአንዲቱ አንዲት ክብ ቤተ ክርስቲያን አለች። ምሰሶዎቿ የጥድ ናቸው፤ ግድግዳዋ በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው፤ ክዳኗም ቆርቆሮ ነው። እንደ ሥርዓቱ ቅኔ ማኅሌቱ በውጭ፣ ቅድስቱ ቀጥሎ፣ መቅደሱ በመካከል ስለ ሆነ፤ በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ ታቦቱን እንደ እናት ከብቦ ይቆማል። ከተማው ሰፋ፤ ሕዝቡም በዛ። በዚህ ጊዜ አሮጌዋ ፈርሳ በስሚንቶና በብረት ትልቅ ሕንፃ ይሠራ የሚል አሳብ ቀረበና የሰበካው ጉባኤ ምእመናኑን ሰበሰበ። እኛም ቀደም ሲል በዚያች ደብር ያገለገልን ስለ ሆነ ምክር እንድንሰጥ ተጠራን።

በመጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ይህ ጭቃ ሲቦካ ከወንዝ ውሃ ያመላለስሁ ልጅ እኔ ነበርሁ» አሉ። «በዚህች ቤት ቆረብሁ፤ በዚህች ቤት ሥርዓተ ተክሊል ተፈጸመልኝ፤ እናቴንም ባለቤቴንም ከዚህች ደጅ ሸኘሁ። እኔን ቅበሩኝና ከዚያ በኋላ አፍርሷት» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ከጉባኤው እኩሌታው አለቀሰ፤ እኛም እንባችን መጣ።

ቀጥሎ የግንባታ ሙያ የተማረ አንድ ወጣት ዲያቆን ተነሥቶ እጅ ነሣ። «አባቴ፤ እንባዎ እንባዬ ነው» አለ። «ነገር ግን በበዓል ቀን ከሕዝቡ የሚበዛው በውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። እናቶች ሕፃን ታቅፈው በፀሐይና በዝናብ ይቆማሉ። ይህን እያየን ዝም ብንል ቤቱን ወደድን ይባላልን?» አለ። ከወጣቶቹም ወገን ጭብጨባ ተሰማ፤ ጭብጨባው ለቦታው ባይገባም ነገሩ እውነት ነበረ።

እንዲህ ሆኖ ጉባኤው ለሁለት ሲከፈል፤ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አናጢ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፤ ሳይነሡ ተናገሩ። «ይቅርታ አድርጉልኝና ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ዐሥራ አንድ ክረምት ሆኖታል። በሰሜን በኩል ነው። መጀመሪያ በተናገርሁ ጊዜ ስድስት ቆርቆሮና አንድ ኪሎ ምስማር ይበቃው ነበር። አሁን ግን ውሃው ግድግዳውን በልቶታል፤ ሁለት ምሰሶም ከሥሩ ራስ ሆኗል። እዚህ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ ያን ጊዜ አንዳንድ ምስማር ይዞ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ ማፍረስ የሚለው ቃል ባልተነሣም ነበር» አሉና ዝም አሉ። ጉባኤውም ዝም አለ።

ምእመናን ሆይ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ እኛ አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠን ነበር። ፍሳሹን እናውቀዋለንና። በዚያች ቤት ስናገለግል በየክረምቱ አይተነዋል። ያደረግነውም ነገር ምንጣፉን ወደ ደረቁ ቦታ መሳብ ነበር፤ አንድ ዓመት ደግሞ ባልዲ አስቀመጥንበት። እንግዳ ሲመጣ ግን የቤቱን ጥንታዊነት እያመሰገንን ምሰሶዎቹን በእጃችን እየነካን እናስጎበኝ ነበር። ከምንነካው ምሰሶ ሥር ምስጡ ይሠራ ነበር ማለት ነው። በዚያች ዕለት ያፈሰስነውን እንባ ዋጋ ያን ጊዜ ዐወቅነው፤ ከአንዲት ቆርቆሮ ያነሰ ነበር።

በዕዝራ ዘመን የተጣለው ያ መሠረትም ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሥራው ተቋርጦ ሕዝቡ የየራሱን ቤት ሲያሳምር ኖረ። ነቢዩ ሐጌ የተላከው በዚህ ጊዜ ነው። ሐጌ ሽማግሌዎቹን እንዴት እንዳነጋገራቸው ልብ ማለት ይገባል። የፊተኛውን ቤት በክብሩ ያየ ከመካከላችሁ ማን አለ ብሎ ጠየቃቸው፤ አዲሱም በዓይናቸው እንደ ምናምን እንደሚታይ ራሱ መሰከረላቸው። አላፌዘባቸውም። ቀጥሎ ግን ለአለቃው ለዘሩባቤል፣ ለሊቀ ካህናቱ ለኢያሱና ለምድሪቱ ሕዝብ ሁሉ የነገራቸው፤ በርቱና ሥሩ የሚል ነው፤ እግዚአብሔርም ከእነርሱ ጋር እንደ ሆነ ነገራቸው። ለቅሶ አይከለከልም፤ ለቅሶው ግን ከሥራ ነፃ አያወጣም።

ጌታችንም በገሊላ ናዝሬት ሲያድግ የጸራቢ ልጅ ይባል እንደ ነበረ ወንጌል ይነግረናል። ከናዝሬት በጎ ነገር ይወጣ ዘንድ ይችላልን ብሎ ናትናኤል የተጠራጠረባት ያች ትንሽ መንደር ናት ለእኛዋ ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስሟን ያዋሰቻት። የእንጨት ሙያ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ በአናጢ ቤት ከአዲስ ሥራ ይልቅ ጥገናው ይበዛል። የላላ በር ይመጣል፤ የተሰበረ ቀንበር ይመጣል። የዓለም ፈጣሪ በእንደዚህ ያለ ቤት ማደጉ ለእኛ ለካህናት፤ ምንጣፍ ለምንስበው፤ ትምህርት ሊሆነን ይገባ ነበር።

ወደ ጉባኤው እንመለስ። ምክር ስጡ በተባልን ጊዜ የአክሱምን ነገር አነሣን። በአክሱም ዐፄ ፋሲለደስ ያሠሩት አሮጌው የጽዮን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለብዙ ሕዝብ የሚበቃ ትልቅ ጉልላት ያለው አዲስ ካቴድራል ሲሠራ፤ አዲሱ በአሮጌው አጠገብ ቆመ እንጂ አሮጌው አልፈረሰም። ሁለቱም እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሁሉም ደብር ሰፊ ቦታ አለው ማለታችን አይደለም፤ ከሁለት አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ እንዳልሆነ ለማመልከት ነው። አንዳንዱ ቤት ደግሞ በእውነት ከመጠገን አልፎ ለሰው አደጋ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ለማፍረስ የሚያስፈልገው ድፍረት ራሱ ፍቅር ነው። ነገር ግን ይህን የሚወስነው ምሰሶውን የመረመረ ባለ ሙያ እንጂ ጭብጨባም ልቅሶም ሊሆን አይገባውም።

ጉባኤው በዚያ ቀን ምንም ሳይወስን ተነሣ። በማግሥቱ ማለዳ ግን ያ ወጣት ዲያቆን መሰላል ተሸክሞ ወደ አናጢው ቤት ሄደ። «አባቴ፤ እርስዎ ከታች ሆነው ያሳዩኝ፤ እኔ እወጣለሁ» አላቸው። እሳቸውም «ከታች ሆኖ የሚያሳይ አናጢ የት አይተሃል?» ብለው አብረውት ወጡ። ውሃ ያመላለሱት ሽማግሌ መሰላሉን ይዘው ቆሙ። ለክረምቱ የሚበቃ ጥገና በአራት ቀን ተፈጸመ። የቆርቆሮውን ዋጋ እኛ እንድንከፍል ለመንን፤ አናጢው ግን ከስድስቱ የአንዱን ብቻ ከእኛ ተቀብለው የቀረውን ሌላው ሰው እንዲከፍል አዘዙ። በዚያን ጊዜ ጥቂት አዘንን፤ በኋላ ግን ነገሩ ገባን።

ባለፈው ወር ወደዚያ ሄደን ነበር። አዲሱ ሕንፃ በምሥራቅ በኩል ይሠራ ወይስ አይሠራ ገና እየተመከረ ነው፤ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ዲያቆኑ መሬቱን ለክቶ ወረቀት ላይ አውጥቷል። ሁለቱ ራስ የሆኑ ምሰሶዎች ግን ተለውጠዋል፤ አዲሶቹ ገና ነጣ ያሉ ስለ ሆኑ ከሩቅ ይለያሉ። ሽማግሌው በአሮጌው ምሰሶና በአዲሱ መካከል እንደ ልማዳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ቅዳሴው ተጀምሮ ሳለ ዝናብ መጣ፤ ቆርቆሮውን በኃይል መታው፤ ሁላችንም ሳናስበው ወደ ሰሜን በኩል ቀና ብለን አየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።